ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥራት ሥራ ከየት ይጀመራል? ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

የቆጪ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፣ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የተቋሙን ስም አልጠቅስም፣ ጉዳዩ የሁሉም ቤት ጉዳይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከማስተማሩ ጎን የኮሌጃችን የጥራት አስተባባሪ ሆኜ ተመደብኩ። ደብዳቤ መጣ፣ ቁልፍ ተሰጠኝ፣ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ፋይል ተረከብኩ።

ፋይሉን ሁለት ቀን ሙሉ አገላበጥኩት። የግለ ግምገማ ሪፖርት፣ የማሻሻያ ዕቅድ፣ ቼክሊስት፣ ቃለ ጉባኤ። በየጊዜው ከመጡት የአሠራር ለውጥ ፕሮግራሞች፣ ከቢፒአር ጊዜ የቀረ አለ፣ ከቢኤስሲ አለ፣ ከካይዘን አለ። ቁም ሳጥኑ በር ላይ "ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ" የሚል የካይዘን ወረቀት ተለጥፏል፣ ቀለሙ ለቋል። ሰው ለፍቶ የሠራው ነውና አላጣጥለውም። ግን የአንዱን ዓመት ሪፖርት ከሌላው ጋር ሳስተያየው ያው ችግር በያው ቃል ተጽፎ ይመለሳል። የላብ ዕቃ እጥረት። የውጤት መዘግየት። የተማሪ ቅሬታ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን በሦስተኛው ቀን ያየሁት ነገር ነው። ዝናብ ነበር፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቢሮዬ በር ላይ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቆማለች። ጫማዋ ርሷል፣ በእጇ ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ቅጽ ይዛለች። የኤንጂ፣ ማለትም "ውጤት የለም" የሚለው ምልክት፣ ማስነሻ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ተምራ፣ ተፈትና፣ ውጤቷ ሲስተም ላይ አልገባላትም። ቅጹ አምስት ፊርማ ይፈልጋል፣ ሦስቱን አግኝታለች። አራተኛው ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነው። "ስንተኛ ቀንሽ ነው?" አልኳት። "ዛሬ አሥራ አንደኛዬ" አለችኝ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ማንም አልጮኸባትም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቃትም፣ ያገኘችው ሰው ሁሉ ፈርሞላታል። ግን አሥራ አንድ ቀን!

እና ጥያቄዬ ይኸው። ስለ ጥራት አስተዳደር ትንሽ አንብቤያለሁ። ደንበኛን ማስቀደም፣ አሠራርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት፣ በመረጃ መወሰን፣ ሠራተኛን ማሳተፍ፣ ሳያቋርጡ ማሻሻል። ጥሩ ናቸው። ግን ፋብሪካ ውስጥ የተወለደ ነገር እኛ ጋ ይሠራል ወይ? ከሠራስ ከየት ልጀምር? ደግሞ ተማሪን "ደንበኛ" ማለት ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል። ስድስት ወር ነው ያለኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ፋይል ጨምሬ መውጣት አልፈልግም።

---

ጀንፈል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፣ አሁን ቡና ጥራት ላይ ነው የምሠራው። የጅማ ሰው ስለሆንክ በቡና ልንገርህ።

ለቀማ ሲደርስ ገበሬው ቀዩን እሸት ብቻ መርጦ ከለቀመና አልጋ ላይ እያገላበጠ ካደረቀው ቡናው ጥራቱን ይዞ ይመጣል። አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ ከግንዱ ልጦ አውርዶ ባዶ መሬት ላይ ካሰጣው ደግሞ አፈር አፈር ይላል፣ ሲብስም ሻጋታ ሻጋታ። ከዚያ በኋላ ቀማሽ ይመጣል። ቀማሹ ምን ያደርጋል? የሆነውን ይነግርሃል። አሥር ጊዜ ቢቀምሰው ቡናው አይሻሻልም። ደረጃ ሰጥቶህ ይሄዳል፣ አለቀ። "ጅማ 5" የሚባለው ስም በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ የርካሽ ቡና ስም ሆኖ የቆየው ዛፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከዚሁ ከአጋሮ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ቀዩን ብቻ ተቀብለው ማጠብ ሲጀምሩ የውጭ ገዢ ፈልጎ የሚመጣበት ቡና ወጣ። መሬቱም ያው፣ ገበሬውም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው።

አሜሪካዊው የጥራት ሊቅ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለኩባንያ መሪዎች ያስተማረው ዋና ነገር ይኸው ነው። ጥራት መጨረሻ ላይ በፍተሻ አይመጣም፣ ከመነሻው እየተሠራ ይገባል እንጂ። እኛ አገር ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያው 50 ነው። ፈተናውን አልቃወምም፣ ያስፈልጋል። ግን እሱ ቀማሹ ነው። ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ሲያበቃ "ይህ ቡና አልደረቀም" ብትለው ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ቦታ የማየው ጥድፊያ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቲቶሪያል፣ ሞዴል ፈተና፣ የሌሊት ጥናት። የአንደኛ ዓመት ሂሳብ ማን ያስተምራል፣ በስንት ተማሪ ክፍል፣ ልጁ መውደቁ የሚታወቀው በስንተኛው ሳምንት ነው የሚለውን የሚከታተል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከዚያች ልጅ ቅጽ ጀምር። እውነቴን ነው። ትልቁን የማስተማር ጥራት አሁኑኑ ልንካ ብትል መምህራኑ ገና ሳያምኑህ በር ይዘጉብሃል። ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ይህን ሲሞክር የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው በሕንፃና ጥገና ክፍሉ ነበር። ሰው የሚያየውና የሚለካ ሥራ ነው፣ የማንንም ክብር አይነካም። አንተም አንድ ቅጽ ያዝ። ከተማሪዋ እጅ ተነስተህ እስከ ሬጅስትራር ድረስ እግር በእግር ተከተለው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ስንት ደቂቃ ተሠራበት ብለህ ጻፍ። የፊርማው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይሞላም ብዬ እገምታለሁ፣ ቀሪው አሥራ አንድ ቀን ወረፋ ነው። በእኛ ሙያ ብክነት የምንለው ይህንን ነው።

---

የ2016 ተመራቂ

እኔ ያቺ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል፣ በሌላ ከተማ ቢሆንም። ስለ "ደንበኛ" አንድ ነገር ልበል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደንበኛ መሆን አልፈለግኩም። ሱቅ የሄደ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፣ እኔ ግን ምን እንደምማር እንኳ አላውቅም ነበር። መምህሩ ሲያስጨንቀኝ ደስ አላለኝም፣ ዛሬ ሥራ ላይ ሆኜ ግን የማመሰግነው ያስጨነቀኝን ነው። ስለዚህ ተማሪን ማስደሰት በሚለው ከተለካ ቀላል ፈተና የሚያወጣው መምህር አንደኛ ይወጣል። ግን ደግሞ ቅጽ ይዤ ስንከራተት፣ ዶርም ውኃ ሲጠፋ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ለማውጣት ከሐረር ድረስ ተመልሼ ስመጣ ያኔ እንደ ደንበኛ ቢያዩኝ ምን ነበረበት? ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አትቀላቅሏቸው።

ሌላው የኮርስ ኢቫሉዌሽን ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይሞላል። ካልሞላህ ግሬድ አታይም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ "4 4 4 4" ብሎ ይወጣል። ብትሞላውም ላንተ አይደለም፣ ኮርሱ አልቋል። አንድ መምህር ብቻ ነበር የተለየ። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ክፍል ገባና ለሁላችንም ሩብ ሩብ ባዶ ወረቀት አደለን። "ስም አትጻፉ። አንድ ያልገባችሁን ነገር፣ አንድ እኔ ማስተካከል ያለብኝን ነገር" አለን። ሰብስቦ ሄደ። ማክሰኞ ሲመጣ ቦርዱ ላይ ሦስት ነገር ጻፈ። ድምፁ ከኋላ እንደማይሰማ፣ ስላይዱን ቶሎ እንደሚያሳልፍ፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ አንዱ ክፍል ከግማሽ በላይ ለሆንነው እንዳልገባ። ያንን ክፍል እንደገና አስተማረን። ከዚያ ቀን በኋላ ኋላ ወንበር ድረስ እየሄደ ነበር የሚያስተምረው። ይህ ምንም በጀት አይፈልግም። ሩብ ወረቀት ነው።

---

ጠመኔ

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች። ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በሦስት ተቋማት። ለውጥ የተባለ ሁሉ በእኔ ላይ አልፏል። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም የምጽፈው፣ የቆጪ ልጅ አንድ ጉድጓድ እንዳይገባ ብዬ ነው።

ጉድጓዱ ቁጥር ነው። በአንድ ወቅት የነበርኩበት ቤት ኮታ ወረደ። ከዚህ በመቶ በላይ ተማሪ የወደቀበት መምህር ማብራሪያ ይጻፍ ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር፣ ተማሪ በከንቱ እንዳይባረር ነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚያ ሴሚስተር የወደቀ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ሪፖርቱ አማረ። በቀጣዩ ዓመት ተከታዩን ኮርስ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ቦርድ ላይ ቀላል ክፍልፋይ ጻፍኩና አንዱን ልጅ አስወጣሁት። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ዞር ብሎ አየኝ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ በየቀኑ ከፊት የሚቀመጥ ነው። ማንም "አልገባህምና እንደገና እንየው" ብሎት አያውቅም፣ አሳልፎታል እንጂ። ያን ቀን ያየሁትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዴሚንግን ያነሳኸው ጀንፈል፣ ልጨምርልህ። ሰውዬው ራሱ መምህር ነበር፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ስታቲስቲክስ አስተምሯል። ከአሥራ አራቱ ነጥቦቹ አንዱ ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወግዱ የሚል ነው። ሌላው መፈክርና የቁጥር ኮታ አንሱ ይላል። የሚፈራ ሰው እውነተኛ መረጃ አይሰጥህም። ዲኑ ከሚቆጣው ሪፖርቱን ያሳምረዋል። ያን ያማረ ሪፖርት ይዘህ ደግሞ "በመረጃ ወሰንኩ" ትላለህ። ስለዚህ ልጄ፣ መጀመሪያ አለቃህ ዘንድ ግባና አንድ ነገር ቃል አስገባው፦ የምሰበስበው ቁጥር ማንንም ለመቅጣትና መምህር ከመምህር ለማወዳደር አይውልም በል። ይህን ካልፈቀደልህ ሥራው አይጀመር።

ስለ ደንበኛ ከ2016 ተመራቂዋ ጋር እስማማለሁ። ጃፓናዊው የጥራት ሊቅ ኢሺካዋ ያለው ነገር ለእኛ ይበልጥ ይመቸናል፦ ካንተ ቀጥሎ ያለው ሠራተኛ እሱ ነው ደንበኛህ። የአንደኛ ዓመት መምህር ደንበኛው የሁለተኛ ዓመት መምህር ነው። የመጨረሻው ዓመት መምህር ደንበኛው ልጁን የሚቀጥረው ነው። ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ናት። እዚሁ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ትምህርቱ ማኅበረሰብ ላይ የቆመ እንዲሆን ነው የተባለው። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የፋርማሲው ተማሪ አንድ ቡድን ሆኖ ጤና ጣቢያ ይወርዳል። ጥሩ ነገር ነው። አንተም ከዚህ ተማር። ተማሪ ተለማምዶ ከተመለሰ በኋላ ኃላፊውን ሄዶ "ልጆቻችን ምን ጎደላቸው?" የሚል ሰው ስንት አለ? ያቺ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ከአርባ ገጽ ግለ ግምገማ ትበልጣለች።

---

ጀንፈል

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኮታው ነገር ትክክል ነው፣ ቡና ላይም በኪሎ ብቻ የሚከፈለው ለቃሚ አረንጓዴውን ይጨምርበታል።

የቆጪ ልጅ፣ "ደንበኛ" የሚለው ቃል ከከበደህ ብቻህን አይደለህም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ እ.ኤ.አ. በ2018 ለትምህርት ተቋማት ብቻ 21001 የሚባል መስፈርት ሲያወጣ "ተማሪዎችና ሌሎች ተጠቃሚዎች" እያለ ነው የጻፈው። ፋብሪካ ውስጥ የተወለደ ነገር ይሠራል ወይ ላልከው ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ባልድሪጅ የሚባል የጥራት ሽልማት አለ፣ ድሮ ለኩባንያ ብቻ ነበር፣ በኋላ ለትምህርት ተቋማትም ተከፈተ። በ2001 ዊስኮንሲን ስታውት የሚባል ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፣ ከዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነው። ይቻላል ማለት ነው። ግን ሰርተፊኬት አታሳድድ፣ አሁን አይደለም።

---

መስኮት 4

ሬጅስትራር ነው የምሠራው። የት እንደሆነ አልናገርም። ሁልጊዜ በዚህ ጉዳይ ተሰዳቢዎቹ እኛ ነን፣ ዛሬ ግን ሰው በደንብ ስለጠየቀ ልመልስ።

ወንድሜ፣ ቅጹን መከተሉ ጥሩ ነው። ግን ቅጹን ማፍጠን ብቻ አያድንህም። ኤንጂው ለምንድነው መጀመሪያ የተፈጠረው? እኔ መስኮት ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርህ። ልጅቷ ዘግይታ ተመዘገበች እንበል፣ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ሳትሞላ ቀርታ ወይም አድ ድሮፕ (የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ጊዜ) ላይ ኮርስ ጨምራ። መምህሩ የክፍል ስም ዝርዝር የወሰደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እሷ የለችበትም። መምህሩ ከታች በእስክሪብቶ ይጽፋታል፣ አቴንዳንስ ትፈርማለች፣ ትፈተናለች፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ግሬድ ሲገባ ግን ሲስተሙ ላይ ያለው ዝርዝር ሌላ ነው። መምህሩ ከዚያ በኋላ ለትምህርት ይሄዳል፣ ወይም ሌላ ካምፓስ ይመደባል፣ ስልኩ አይነሳም። ከዚያ አምስት ፊርማ። ቅጹ የሚጀምረው ስህተቱ ከተሠራ ከአራት ወር በኋላ ነው።

እና ሁሉም "ማን አጠፋ?" ይላል። መምህሩ እኛን፣ እኛ ዲፓርትመንቱን፣ ዲፓርትመንቱ ተማሪዋን። ማንም አላጠፋም። ዝርዝሩ አንዴ ወጥቶ ሁለተኛ አይወጣም፣ በቃ። ይህንን ከሦስት ዓመት በፊት ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። ምናልባት ያንተ ዓይነት ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራል።

ስለ ጥራት ሥልጠና ሲመጣ እኛን አይጠሩንም። ዲኖችና ኃላፊዎች ሄደው ሰርተፊኬት ይዘው ይመጣሉ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ግን ችግሩን በየቀኑ በእጁ ይነካዋል። የምርህን ከሆነ የእናንተ ሬጅስትራር ውስጥ ወንበር ይዘህ አንድ ቀን ተቀመጥ። ጧት ሁለት ተኩል ላይ ግባ፣ ዝም ብለህ እይ። ሻይ ጋብዛቸው። ይነግሩሃል።

---

የቆጪ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት የነገራችሁኝን ልሞክር ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

መጀመሪያ የመምህርን ምክር ይዤ ዲኑ ጋ ገባሁ። ቁጥሩ ለቅጣት እንደማይውል ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና "በጽሑፍ አምጣው፣ እፈርምበታለሁ" አለኝ። ፈረመ። ወረቀቱን ለመምህራን ሳሳያቸው የሰዉ ፊት ተለወጠ፣ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

ከዚያ ሬጅስትራር ተቀመጥኩ። መስኮት 4፣ እንዳልሽው ሻይም ጋበዝኩ። የዚህን ሴሚስተር የኤንጂ ቅጾች አንድ ላይ አወጣንና ሠላሳ አንዱን በየምክንያታቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። አሥራ ዘጠኙ አንቺ ያልሽው ነው፣ ዘግይቶ ተመዝግቦ ዝርዝሩ ላይ ያልገባ ተማሪ። ስድስቱ መምህሩ ተቋሙን የለቀቀበት ነው። የቀሩት የተለያዩ ናቸው። ትልቁን ክምር ስናየው አብሮኝ የነበረው የሬጅስትራር ሠራተኛ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ሁሉንም በየተራ አስተናግጃቸዋለሁ፣ እንዲህ አብረው ተቀምጠው ግን አይቻቸው አላውቅም" አለኝ።

የጀንፈልን ነገርም አደረግኩ፣ አንዱን ቅጽ ተከተልኩ። አምስቱ ፊርማ ተደምሮ የወሰደው ስድስት ደቂቃ ነው። ቅጹ ግን ስምንት ቀን ፈጀ።

የተስማማነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አድ ድሮፕ በተዘጋ ማግሥት ሬጅስትራር አዲስ ዝርዝር ያወጣል፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ስሙን ያልሰማ ተማሪ በዚያው ሳምንት ይመጣል። ለአሁኑ ሴሚስተር አልደረስንም፣ ከሚቀጥለው ይጀምራል። ፊርማውን ከአምስት ወደ ሁለት ማውረድ ደንብ ስለሚነካ የሴኔት ጉዳይ ነው፣ አጀንዳ አስይዣለሁ፣ መልሱን እጠብቃለሁ። የሩብ ወረቀቷን ነገር ደግሞ እኔው በራሴ ክፍል ሞከርኳት። ሃምሳ ሁለት ወረቀት ተመለሰልኝ። አሥራ አራቱ ላይ "ቀስ በል" ይላል። ሰኞ ቀስ አልኩ።

ያቺ ልጅ ውጤቷ ገብቶላታል። ኮሪደር ላይ አግኝቼ ነገርኳት፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ዝርዝሩን ስናነብ እሷም የክፍሏ ተጠሪ ሆና ልትረዳን ተስማምታለች።

መስኮት 4፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መምህሩ የለቀቀባቸው ስድስቱን ምን ታደርጓቸዋላችሁ? መምህሩ ሲለቅ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ) ሲጨርስ ግሬዱን ማስረከቡ የሚታይበት ቦታ እናንተ ጋ አለ ወይ?

---

መስኮት 4

በእኛ ቤት የለም። ክሊራንሱ ላይ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ንብረት አለ፣ ፋይናንስ አለ። ሬጅስትራር የለበትም። እናንተስ ጋ? ቅጹን አየውና ንገረኝ፣ እኔም እዚህ ላንሳው።